ድንብላልን በጓሮ ማልማት፦ ከዘር መረጣ እስከ እሸት ቅጠልና ደረቅ ፍሬ

ድንብላል ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን በርበሬ ሊዘጋጅ ሲል ተለቅሞና ታምሶ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር የሚቀላቀለው ክብ ፍሬ ነው። ያው ፍሬ ሳይታመስ አፈር ውስጥ ሲገባ ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ለዳጣው፣ ለሰላጣው፣ ለምስሩና ለሾርባው የሚሆን እሸት ቅጠል ይሰጣል። እሸቱን ገበያ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥሬውን የሚበላ ቅጠል በምን ውሃ እንደለማ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በተበከለ የወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ካሬ ሜትር መሬት ወይም ጎናቸው የተከፈተ ሁለት ጀሪካኖች ያሉት ቤተሰብ ግን በቧንቧ ውሃ ያደገ ቅጠል በየሳምንቱ መቁረጥ ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ተክሉ ጠባይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ድንብላል ዕድሜው አጭር ነው፤ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ የሚገሰግሰው ወደ አበባና ወደ ፍሬ ነው። ሙቀት ሲበረታበት፣ ውሃ ሲጎድልበት ወይም ሥሩ ሲነካ ደግሞ ይቸኩላል። ቅጠሉን ስንፈልግ የምንሠራው ሥራ ሁሉ ይህን ችኮላ ማዘግየት ነው። «ዘርቼው ነበር፣ ቅጠሉን ሳልጠግብ አበበብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ተክሉ በጠባዩ እንዲህ መሆኑን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ እጃቸው የሚያደርቅ ሆኖ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ዘሩ

የዘር መደብር ሄደው የታሸገ ዘር ቢገዙ ጥሩ ነው፤ ግን ግዴታ አይደለም። ከቅመም ተራ የሚገዛው ድንብላልም ይበቅላል፣ ያልታመሰ እስከሆነ ድረስ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከገበያ ያመጣሁትን ሳላጣራ ዘርቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ መደቡን እያጠጣሁ ጠበቅሁ፤ አንድም አልወጣም። ለበርበሬ ተብሎ የታመሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመግዛቴ በፊት መዳፌ ላይ አፍስሼ አየዋለሁ። ጥሬው የገለባ መልክ ያለው ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ካልታሸ በቀር ሽታው ረጋ ያለ ነው። የታመሰው ወደ ቡኒ ይጠቁራል፣ ጠረኑም ገና ከሩቅ ይቀበላል። የተፈረካከሰ፣ አቧራ የበዛበት ወይም ነቀዝ የበሳው ለዘር አይሆንም።

ጥርጣሬ ካለ መፈተን ቀላል ነው። 10 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያድርጉትና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ እየከፈቱ ይመልከቱ። እስከ 14ኛው ቀን ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው። ሦስትና አራት ብቻ ከሆነ ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት፣ ከዚያም ካነሰ ሌላ መፈለግ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንዱ የድንብላል ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር ይዟል። ሳይከፈል ቢዘራም ይበቅላል፤ ግን ይዘገያል፣ ሁለት ቡቃያም ተጣብቀው ይወጣሉ። ስለዚህ ፍሬዎቹን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ በሌላ ጨርቅ ሸፍነው ጠርሙስ በላያቸው ላይ ቀስ ብለው ያንከባልሉ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጨርቁን ሲገልጡ ፍሬው እንደ ክክ ለሁለት ተከፍሎ ያገኙታል፤ የእያንዳንዱ ግማሽ ውስጡ እንደ ጀልባ ጎድጎድ ያለ ነው። መጫን አያስፈልግም፤ ከተሰባበረ የሚበቅለው አካል አብሮ ይጎዳል። ሁሉም ካልተከፈለም አይጨነቁ። የተከፈለውን ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ነክረው ጠዋት ያጥልሉት፤ በዚያው ዕለት ይዝሩት።

መቼ ይዘራል?

ድንብላል የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በደንብ ይበቅላል፤ ቀኑ ከ25 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት ወደ አበባ ይቸኩላል። አገራችን ውስጥ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ እኛን የሚያስቸግረን ሙቀቱና ድርቁ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ማልማት ይቻላል፤ ወቅቱ ግን ሥራውን ይለውጠዋል።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው፦ አፈሩ ገና ርጥበት አለው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅጠሉም ይበረክታል። ውርጭ የሚወርድበት አካባቢ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን፣ ሥር የያዘ ድንብላል ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ገና የበቀለውን ግን ሌሊት በጆንያ መሸፈን ይበጃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ስለሚከር ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡለት፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን የምንቆርጥበት ዕድሜ በግልጽ ያጥራል። ክረምት ላይ ጠላቱ ዝናቡ ነው። የሐምሌ ዶፍ ዘሩን ከመደቡ ጠርጎ ይወስዳል፣ የቆመ ውሃም ሥሩን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ በክረምት ከቤቱ ክፈፍ ሥር በሚቀመጥ ዕቃ ማልማት ይሻላል።

ሐዋሳና ባሕር ዳርን በመሰሉ ወይና ደጋ ከተሞች ከጥቅምት እስከ ጥር፣ እንደ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ መዝራት ተስፋ ይሰጣል።

ከአገር ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ዋሽንግተንና አካባቢው በበጋ ሙቀቱም የቀኑ ርዝመትም ድንብላልን ወደ አበባ ይነዱታል። ስለዚህ አንዴ በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ፣ ሁለተኛ በነሐሴ መጨረሻና መስከረም መዝራት ነው። እዚያ ዘር ስትገዙ ቅጠሉን «ሲላንትሮ»፣ ፍሬውን «ኮሪአንደር» እንደሚሉትና ተክሉ ግን አንድ መሆኑን አስታውሱ፤ ቶሎ እንዳያብቡ የተመረጡ «ሳንቶ» እና «ካሊፕሶ» የሚባሉ ዝርያዎችም አሉ። «ኩስባራ» በሚሉበት እስራኤል ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት የክረምት አትክልት ነው።

ቦታና አፈር

ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ የአጥር ወይም የዛፍ ጥላ የሚደርስለት ቦታ ከሁሉ ይመረጣል። ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ሥር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጓሮ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የድንብላልን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥርም ያስጨንቃል። መፍትሔው መደቡን ከመሬቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግና በአካፋ ቆፍሮ ብስባሽና ትንሽ አሸዋ መቀላቀል ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይበቃል። ያልበሰለ ፍግ ቡቃያውን ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል። የበሰለው ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና የዝናብ አፈር የሚሸት ነው፤ እበት እበት ከሸተተ ገና ነው። ዩሪያ አያብዙ፤ ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ ጠረኑ ይቀንሳል፣ ድንብላል ደግሞ ያለ ጠረኑ ምን ይሠራል?

ጓሮ የሌለው በዕቃ ያለማል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አግድም አጋድመው አንዱን ጎን በቢላዋ ቢከፍቱት ጥሩ መትከያ ይወጣዋል፤ ወርዱም ጥልቀቱም ይበቃል። ቁም ነገሩ ጥልቀቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስና ታቹ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ መበሳቱ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ግን ለሚበላ ነገር አይጠቀሙ። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ብስባሽና ከአንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሎ መሙላት ነው።

መዝራቱ

ድንብላልን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይመከርም። ዋናው ሥሩ ሲነካ ይደነግጣል፣ ከድንጋጤውም በኋላ የሚያስበው ማበብን ነው። ስለዚህ በሚያድግበት ቦታ በቀጥታ ይዘራል።

መደቡን ደልድለው ከመዝራትዎ በፊት በደንብ ያጠጡት። በጣትዎ ወይም በእንጨት 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር ያውጡ፤ የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል ማለት ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። በመስመሩ ውስጥ ዘሩን በሁለትና በሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ያንጠባጥቡ። አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ዘር ለአንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። ብርሃን እንዳያገኘው አፈር አልብሰው በመዳፍዎ ቀለል አድርገው ይጫኑት፣ ከዚያም ወንፊት ባለው ማጠጫ ያርከፍክፉ። በቀጥታ ከጎማ የሚወርድ ውሃ ዘሩን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል።

በዚህ ሁሉ መሐል ትልቁ ምክሬ፦ ያለዎትን ቦታ በአንድ ቀን አይዝሩት። ዛሬ አንድ መስመር፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ መስመር ይዝሩ። የመጀመሪያው ሲያብብ ሁለተኛው ለመቆረጥ ይደርሳል፣ ሦስተኛው ይበቅላል። የጓሮ ድንብላል ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋበት ቤት ሚስጥሩ ይኸው ነው። ቀኑን እንዳይረሱ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜና በሦስተኛው ቅዳሜ ብሎ መወሰን ይቻላል።

ከብቅለት እስከ መጀመሪያው ቆረጣ

ቡቃያው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እስኪወጣ ድረስ የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም። ሳሳ ያለ ደረቅ ሣር ብንጎዘጉዝበት ርጥበቱ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ሲታዩ ግን ሣሩ ወዲያው ይነሳል። በመጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ጠባብና ረጃጅም ቅጠሎች ሣር ስለሚመስሉ አረም ነው ብሎ የሚነቅል አለ። እውነተኛው፣ ዳሩ የተቀደደው የድንብላል ቅጠል ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ እርሱ እስኪታይ ድረስ እጅዎን ይሰብስቡ።

ቡቃያው የአንድ ጣት ቁመት ሲደርስ ማሳሳት ይመጣል። ለቅጠል ከሆነ በተክሎቹ መካከል ከ5 እስከ 8፣ ለፍሬ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ማሳሳት ብዙዎቻችንን ያሳሳናል፤ የበቀለን ነገር መንቀል ያስከፋል። ግን ተጠጋግቶ ያደገ ድንብላል ቀጭንና ቢጫ ይሆናል፣ ቶሎም ያብባል። ሲያሳሱ ከመንቀል ይልቅ ከሥሩ በመቀስ መቁረጥ የጎረቤቱን ሥር አይነካም። የተቆረጠው ቡቃያም አይጣልም፤ በዚያው ምሽት ምስር ወጥ ላይ ከላይ ሲነሰነስ የለሰለሰ ጠረኑ ደስ ይላል።

ውሃውን በጣት መለካት ይሻላል። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ ርጥብ ከሆነ ይተዉት። በበጋ መደብ ላይ ያለው በሁለት ቀን አንዴ፣ ጀሪካን ውስጥ ያለው በየቀኑ ሊጠማ ይችላል። ጠዋት ማጠጣት ከሁሉ ይሻላል፤ ማታ ቅጠሉ ርሶ ካደረ ሻጋታ ይጋብዛል። አንድ ቀን ማድረቅ፣ ሌላ ቀን ማጥለቅለቅ ድንብላልን ከምንም በላይ ያስቸኩለዋል። አረሙን ገና በእንቡጡ በእጅ መልቀም ነው፤ ሥሩ አጠገብ በጥልቀት አይኮትኩቱ።

ቅጠሉን መቁረጥ

ከ40 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ፣ ተክሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቆም መቁረጥ ይጀመራል። የሚቆረጠው ከውጭ በኩል ያለው ትልቁ ቅጠል ነው፣ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ተብሎ። መሐል ላይ ያለውን ለጋ ቡቃያ አይንኩ፤ ቀጣዩ ቅጠል የሚመጣው ከዚያ ነው። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ከሲሶ በላይ አይወሰድ። እንዲህ ከተያዘ ከአንድ ዘር ሦስት ወይም አራት ጊዜ መቁረጥ ይቻላል።

ጠዋት ፀሐይ ሳይከር የተቆረጠ ቅጠል ቶሎ አይጠወልግም። አገዳውን ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁመው፣ ላዩን በላስቲክ ሸፈን አድርገው ፍሪጅ ቢያስቀምጡት አንድ ሳምንት ይቆያል። ማድረቅ ግን ልፋት ነው፤ የእሸቱ ጠረን ከውሃው ጋር ይሄዳል። የተረፈውን ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ወቅጠው ዳጣ ቢያደርጉት ወይም ከትፈው ከትንሽ ዘይት ጋር በረዶ ቤት ቢያስገቡት ያተርፋሉ። አገዳው ከቅጠሉ ይልቅ ጣዕሙ የጠነከረ ስለሆነ ለዳጣ አብሮ ይወቀጥ። ጠረኑ ሳሙና ሳሙና የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ በተፈጥሮ አሸታተት የሚመጣ ነውና ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አያስገድዱት፣ የበሰለውን ፍሬ ግን ብዙዎቹ ይወዱታል።

ማበብ ሲጀምር

ምልክቱን ቅጠሉ ላይ ያገኙታል። ከመሐል የሚወጣው አዲስ ቅጠል መስፋቱን ትቶ እንደ እንስላል ቀጥኖ መበጣጠስ ሲጀምር አገዳው ሊወጣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ያን ጊዜ የቀረውን ሰፊ ቅጠል ሁሉ ቶሎ ይቁረጡ፤ አገዳው ከወጣ በኋላ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ጣዕሙም ይመራል። አገዳውን መቀንጠብ ጥቂት ቀን ይገዛል እንጂ አይመልሰውም።

ያበበውን ሁሉ ነቅለው አይጣሉ። ነጭና ፈዛዛ ሮዝ የሆነው ትንንሽ አበባው ንብን ይጠራል፤ ክሽክሽን፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች የሚበሉ ነፍሳትም ይወዱታል። ከጎመኑና ከሰላጣው አጠገብ ሁለትና ሦስት ያበበ ድንብላል ማቆየት ለጓሮው ሁሉ ይጠቅማል።

የሚያጠቃው ነገር ብዙ አይደለም። ክሽክሽ በቅጠሉ ጀርባ ከተሰበሰበ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ማታ ይርጩ፤ በማግስቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ቡቃያው ከሥሩ ቀጥኖ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል ወይም ተጠጋግቷል። ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ቅጠል ሲያዩ ቆርጠው ከጓሮው ያርቁ፣ ተክሎቹን አሳስተው አየር ያስገቡላቸው። ቅጠሉን የምንበላው ጥሬውን ስለሆነ ፀረ ተባይ መድኃኒት መርጨትን አልመክርም።

ፍሬውን መሰብሰብና ዘር ማስቀረት

ድንብላል ከተዘራ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ፍሬው ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ይዘገያል። ለፍሬ ብለው የሚዘሩ ከሆነ ነሐሴ ላይ ይዝሩ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደረቅ አየር ውስጥ ይበስላል። በባሌና በአርሲ ገበሬዎች ድንብላልን በማሳ የሚያለሙት ለፍሬው ነው፤ ከገበያ የምናገኘው ዘርም በአብዛኛው እንዲህ ለፍሬ የቆየ ስለሆነ ቶሎ ማበቡ አይገርምም።

መድረሱን አፍንጫ ይነግራል። አረንጓዴውን ፍሬ በጣትዎ ሲጨፈልቁት የቅጠሉ ዓይነት የከረረ ሽታ አለው። ሲበስል ያ ሽታ ይጠፋና እሑድ ጠዋት ቤቱን የሚሞላው የቅመም ዳቦ ጠረን ይተካል። ከፍሬው ከሦስት እጅ ሁለቱ ቡኒ ሲሆን፣ ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ አገዳውን ይቁረጡ፤ ቀትር ላይ ከነኩት ፍሬው ይረግፋል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገው በወረቀት ከረጢት ውስጥ አስረው አየር በሚያገኝ ጥላ ሁለት ሳምንት ይስቀሉት። ከዚያ ከረጢቱን በእጅ አሽተው፣ ሰፌድ ላይ አበጥረው ገለባውን ያውጡ።

ዘር ለማስቀረት ሲፈልጉ ግን ብዙ ጓሮ አልሚዎች የሚሠሩትን ስሕተት አይድገሙ። ቀድሞ ያበበውን «ይኸው አብቧል፣ ለዘር ይሁን» ብለን እንተወዋለን፤ በዚህም በየዓመቱ የሚቸኩለውን እየመረጥን ነው። መደረግ ያለበት ግልባጩ ነው። ቀድሞ አገዳ ያወጣውን ሳያብብ ይንቀሉትና ይብሉት፤ ቅጠሉን ረጅም ጊዜ የሰጠውን፣ በመጨረሻ ያበበውን አምስት ስድስት ተክል በቀይ ክር ምልክት አድርገው ለዘር ይተዉ። ንብ ከአበባ አበባ ስለምታዳቅል የቸኮለው ሳይነቀል ከቆየ ከዘገየው ጋር ይቀላቀላል። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ በሦስተኛው ዙር የቆረጣው ጊዜ ከበፊቱ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ረዝሞልኛል።

የደረቀውን ዘር በወረቀት ከረጢት አድርገው፣ የተሰበሰበበትን ወር ጽፈው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለትና ሦስት ዓመት በደንብ ይበቅላል። በቀይ ክር ካሰሩት ለቀጣዩ ዓመት የሚበቃዎትን ለይተው ያስቀሩና የቀረውን ለበርበሬው ያምሱት።